ለቅሶ ቤት ያደገው ምስክርነት

ጁባ፣ ሙኑኪ ሰፈር ውስጥ ምግብ ቤት አለኝ። ሟቹ ጓሮዬ ካሉት ክፍሎች አንዱን ተከራይቶ ጄኔሬተር የሚጠግን ያገሬ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጄ ላይ በደም ተነክሮ ሞተ። አጠገቡ ተገኝቶ የታሰረው ደግሞ ደንበኛዬ የሆነ፣ ቦዳቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ነጂ ነው፤ የዚሁ የደቡብ ሱዳን ልጅ፣ ጋምቤላ ስደተኛ ጣቢያ ያደገ፣ ሽሮዬን በቃሪያ እየበላ «እትዬ» የሚለኝ።

እንግዲህ የእኛን ለቅሶ ታውቁታላችሁ። ሰው በገባ ቁጥር «እንዴት ሆኖ ሞተ?» ይላል፤ ለቅሶ የተቀመጠውም ከሀ ጀምሮ ይናገራል። ሟቹ ጁባ ውስጥ ዘመድ ስላልነበረው የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። አስከሬኑን ፖሊስ ወስዶ በሳጥን ስለመለሰልን ቁስሉን ማናችንም አላየንም። መጀመሪያ ያወራሁት እውነቱን ነበር፤ ጩኸት ሰማሁ፣ በቆርቆሮ በሬ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ልጁ ሟቹ ላይ ጎንበስ ብሎ እጁን አንስቷል። የጉምቦ ሰፈር ለቀስተኞች ሲመጡ እጁ ላይ ድንጋይ ጨመርኩበት። የንያኩሮን ሰፈሮቹ ሲደርሱ ድንጋዩ የሟቹን ራስ መታ። ሴቶቹ ደረታቸውን ሲደቁ እኔም አብሬ አነባሁ። ወይ ጉድ! ስንተኛው ለቀስተኛ ላይ እንደሆነ እንጃ፣ ያወራሁትን ያየሁት መሰለኝ።

ፍርድ ቤትም ምዬ ያንኑ ደገምኩ። ከተፈረደበት ይሰቀላል ሲባል ሰምቻለሁ፤ ይሰቀላ፣ አልኩ። ስጨርስ ወገኖቼ «አንጀታችንን አራስሽው» አሉኝ፤ ደስ አለኝ።

ከዚያ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ቀረበ። የሟቹ ራስ ጭረት እንኳ የለበትም አለ። የገደለው ጎኑ ላይ የገባ ስለት ነው። ቁስሉ በተቀደደ ሸሚዝ ጥብቅ ተደርጎ ታስሮ ነበር፤ ሸሚዙም የተከሳሹ ነው። ደሙ ያለቀው ቀስ በቀስ ነው፤ ቶሎ የሚያነሳው ቢያገኝ ይተርፍ ነበር አለ። አስተርጓሚው ይህን ሲነግረኝ ነጠላዬን ወደ አፌ ሳብኩ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ!

ዳኛው መልሰው ጠሩኝ። «ከሁለታችሁ የተሳሳተው ማነው?» አሉ። አፌን ከፍቼ «ሐኪሙ» ልል ነበር። ያ ሁሉ የለቅሶዬ ሰው ከኋላዬ ተቀምጦ፣ በምን አፌ ዋሽቻችሁ ነበር ልበል? ዳኛው ተከሳሹን ጥያቄ ካለህ ጠይቃት አሉት። ልጁ ተነሳ። በአማርኛ ነው የጠየቀኝ፣ እንደ ወትሮው አንቱ ብሎ።

«እትዬ፣ እጄን አንስቼ ‹ኧረ ይክፈቱልን› ስልዎት አልሰሙኝም?»

ድንኳን ውስጥ ያን ሁሉ ሳወራ ይህችን ብቻ ለማንም አልተነፈስኩም። ጩኸቱን ስሰማ ፈራሁ፤ በቀዳዳው አየሁት፣ እሱም አይኔን አየው፤ ከዚያ የብረት መወርወሪያውን ከውስጥ ወረወርኩና ወደ ጓዳ ገባሁ። ምግብ ቤቴ ሰው እንጂ ደም አይግባ ብዬ! አፈርኩ፤ እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

«ሰምቼሃለሁ» አልኩት። «ዘግቼባችሁ ነው። ድንጋይም አልነበረም።»

ዳኛው ወደ እንግሊዝኛ እስኪመለስላቸው ጠበቁ። ከኋላዬ ያሉት አስተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ልጁን በነፃ ለቀቁት፤ ሟቹን የወጋው ሰው እስካሁን አልታወቀም። ዛሬ ደጄ ሲንኳኳ ማንም ይሁን ማን ሮጬ እከፍታለሁ። እሱ ግን አንድም ቀን አላንኳኳም።