ሽማግሌዎቹ ማዕበል ሊያዩ የሄዱ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው አፓርታማዬ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አንድ ጽሑፍ ሳርም ወንድሜ ዳዊት ከስፕሪንግፊልድ ደወለ። ድምፁ ለቅሶ ቤት ያለ ሰው ይመስል ነበር።

«ሊያ ካሊፎርኒያ ልገባ ነው አለች» አለኝ። ሊያ ልጁ ናት። ኮሌጅ ጨርሳ አሌክሳንድሪያ ውስጥ ደህና ሥራ ይዛለች።

«ሥራ አግኝታ ነው?»

«ሥራውንማ ከቤት ሆና ትሠራዋለች። የምትሄደው ለሰርፍ ነው። ማዕበል ላይ በቦርድ ለመንሸራተት። እዚያ ደግሞ ሰው ዘና ብሎ ነው የሚኖረው ትላለች።»

ከበስተጀርባ የሊያ ድምፅ ተሰማኝ፤ «ዳድ፣ ስፒከር ላይ አድርጋት። አክስቴ፣ ፕሊስ፣ አንቺ ኤክስፕሌን አድርጊለት።»

ዳዊት ሰምቶ እንዳልሰማ አለፋት። «ለቅዳሜ ሽማግሌ ሰብስቤያለሁ፤ አንቺም አንዷ ነሽ። ሌላውን ባትሰማ አንቺን ትሰማለች። መጥተሽ ተይ በያት።»

ሽማግሌ ተብዬ ስጠራ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ለመቆጣትም ለመሳቅም አልቸኮልኩም። «መልሼ እደውልልሃለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በወጣትነቴ እኔም ከሽማግሌ ፊት ቀርቤያለሁ። ዳዊት ያኔ በትምህርት ሌላ ስቴት ስለነበር የእኔን ታሪክ በስልክ፣ ያውም ጫፍ ጫፉን ነው የሰማው። እኔ ግን የዚያን ዕለት የነፋሱ አቅጣጫ ሳይቀር ትዝ ይለኛል።

ያኔ የምንኖረው ላንግሊ ፓርክ፣ ከአሮጌዎቹ የጡብ ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነበር። ማታ ማታ ደረጃውን ስንወጣ የጎረቤቶቻችን የሙዝ ጥብስና የእኛ ቁሌት ሽታ ኮሪደሩ ላይ ይገናኛሉ። እናታችንን ቀደም ብለን ስላጣናት ያሳደገን አባቴ ብቻውን ነው። አዲስ አበባ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፤ እዚህ ዋሽንግተን መሀል የመኪና ማቆሚያ ያስተዳድር ነበር። ከረባት ሳያስር ሥራ ሄዶ አያውቅም። ከአገር እንደመጣን መጀመሪያ ያደረገው ነገር እኔንና ዳዊትን የሕዝብ መዋኛ ገንዳ ወስዶ ማስመዝገብ ነው። «ከምድር የሚበዛው ውሃ ነው። መዋኘት የማይችል ሰው የሚያውቀው የዓለምን ትንሹን ክፍል ብቻ ነው» ይለን ነበር። ይህን ንግግሩን ኋላ ሌላ ሰው ያስታውሰዋል።

እኔ ከኮሌጅ ወጥቼ በአንዲት ትንሽ የሜሪላንድ ሳምንታዊ ጋዜጣ ሪፖርተር ሆኜ ነበር። የትምህርት ቦርድ ስብሰባ፣ የመንገድ መዘጋት፣ የቃጠሎ አደጋ፣ ያገኘሁትን እጽፋለሁ። አንድ መስከረም፣ ከባድ አውሎ ነፋስ የባህሩን ጠርዝ ታክኮ ካለፈ በኋላ፣ አዘጋጄ የተሸረሸረውን አሸዋ አይቼ እንድጽፍ ኦሽን ሲቲ ላከኝ። ሰው ሁሉ መኪናውን ጭኖ ሲወጣ ጥቂቶች ቦርድ በብብታቸው ይዘው ወደ ባህሩ ይሄዳሉ። ከመካከላቸው ጸጉሯ የሸበተ አንዲት የትምህርት ቤት አስተማሪ አስቁሜ ምን ልትሠራ እንደምትሄድ ጠየቅኳት። ጥያቄዬን ውሃ ውስጥ ብጠይቃት እንደምትመልስልኝ ነግራኝ ሄደች። በሚቀጥለው ቅዳሜ ውሃ ውስጥ ገብቼ ጠየቅኳት። መልሱን ለማግኘት፣ ማለትም ቦርድ ላይ ቆሜ መንሸራተት እስክማር፣ ሁለት ዓመት ፈጀብኝ።

አትላንቲክ ለጋስ ባህር አይደለም። በጋውን እንደ ሐይቅ ተኝቶ ይከርምና ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ትንሽ ቀን ይነቃል። በፓሲፊክ በኩል ግን ማዕበሉ ዓመቱን ሙሉ እንደሚመጣ ሰማሁ። ቬንቱራ በምትባል የካሊፎርኒያ ከተማ አንድ ጋዜጣ የወደቡንና የፍርድ ቤቱን ዜና የሚሠራ ሰው ሲፈልግ አመለከትኩ፤ ተቀበሉኝ። አዘጋጁ በስልክ «ጠዋት ስብሰባ የለንም፤ እንደ ማዕበሉ ነው» ሲለኝ የቀለደ መስሎኝ ነበር።

ለአባቴ የነገርኩት እራት ላይ ነው። በበርበሬ ስጎ የተሠራ ፓስታ እየበላን ነበር።

«ለምን?» አለኝ።

«ማዕበሉ እዚያ ይሻላል። ኑሮውም ዘና ያለ ነው።»

ሹካውን አስቀመጠ። «ዘና» አለ፤ ቃሉን ቀምሶ እንደማያውቀው ምግብ አላመጠው። «ይህን ሁሉ መንገድ የመጣነው አንቺ ዘና እንድትዪ ነው?»

ከዚያ ወዲያ ስለ ጉዳዩ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ሽማግሌ ላከብኝ።

ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች ሲካሰሱ ሽማግሌ እንደሚገባ አውቃለሁ። በአንድ ሴት ልጅና በአንድ ውቅያኖስ መካከል ሽማግሌ ሲገባ ግን ሰምቼ አላውቅም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሆነው መጡ። አንዱ ጋሼ ወልዴ ናቸው፤ ምጽዋ የባህር ኃይል መኮንን የነበሩ፣ ሲቀመጡም ጀርባቸው ወንበር የማይነካ ሰው። ሁለተኛዋ እትዬ አልማዝ ናቸው፤ አሌክሳንድሪያ ምግብ ቤት አላቸው፣ በቤተ ክርስቲያናቸውም የጸሎት ቡድን ይመራሉ። አባቴ ከጎናቸው ተቀመጠ፤ እኔ ፊት ለፊት።

ሥርዓቱ የታወቀ ነው። ነገሩ ከመሰማቱ በፊት ጋሼ ወልዴ ከሁለታችንም ቃል ተቀበሉ። የሚወስኑትን እንቀበላለን አልን። ሂጂ ካሉኝ የአባቴን ምርቃት ይዤ እሄዳለሁ፤ ቅሪ ካሉኝ እቀራለሁ፤ ሌላ በር የለም። ቃሌን ለማጠፍ ደግሞ አባቴ አላሳደገኝም።

እንደ ሥራዬ መረጃ አዘጋጅቼ ነበር። ስለ ደሞዙ፣ ስለ ክፍል ኪራዩ፣ ስለ ጤና ኢንሹራንሱ፣ ስለ ውሃው ቅዝቃዜ ሳይቀር በቅደም ተከተል አስረዳሁ። እትዬ አልማዝ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ጎበዝ፤ ያልጠየቅንሽን ሁሉ መለስሽ» አሉኝ። «እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነገር ነው። ሰውየው ማነው?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ካሊፎርኒያ ያለው ነዋ።»

«ሰው የለም እትዬ።»

«ልጄ፣ ለውሃ ብሎ አገር የሚያቋርጥ የለም።»

«እኔ አለሁ» አሉ ጋሼ ወልዴ። «ለውሃ ብዬ ከደብረ ማርቆስ ምጽዋ ወርጃለሁ። አባቴም እስኪሞቱ ይቅር አላሉኝም።» ወደ አባቴ ዞሩ። «ለመሆኑ መዋኘት ማን አስተማራት?»

አባቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ነኝ።»

«ከምድር የሚበዛው ውሃ ነው ብለህ?»

ጋሼ ወልዴ ተነሡና ኮታቸውን ቆለፉ። «ያላየነውን አንፈርድም። ቅዳሜ ሄደን እናየዋለን» አሉ። እትዬ አልማዝ የሬስቶራንታቸው ሥራ የሚበዛው ቅዳሜ እንደሆነ ቢናገሩም ሰሚ አላገኙም።

ቅዳሜ ጠዋት ቦርዴን ቶዮታው ጣሪያ ላይ ያሰረው አባቴ ነው። ተቆጥቶም ቢሆን ገመዱን ደጋግሞ እየጎተተ ይፈትሽ ነበር። የቼሳፒክን ረጅም ድልድይ ስንሻገር እትዬ አልማዝ ዓይናቸውን ጨፍነው ጸለዩ፤ ከወረድን በኋላም ለጥንቃቄ ትንሽ ጨመሩበት። ከድልድዩ ማዶ መሬቱ ለጥ ያለ ነው። በቆሎው ታጭዶ አገዳው ብቻ ቀርቷል፣ በየመንገዱ ዳር ዱባ ተከምሯል፣ የዶሮ እርባታዎቹ ሽታ በተዘጋ መስኮት ይገባል። በፎይል የተጠቀለለ ሳምቡሳ ከኋላ ወንበር ወደ ፊት ሲተላለፍ አባቴ ብቻ «በቃኝ» አለ።

ባህሩ ዳር ስንደርስ ሰው የለም፤ ነፋስ ብቻ ነው። አባቴና ጋሼ ወልዴ በሙሉ ልብስና በቆዳ ጫማ፣ እትዬ አልማዝ በነጭ ነጠላ አሸዋው ላይ ተሰለፉ። ውሻዋን የምታንሸራሽር አንዲት አሜሪካዊት ቆማ አየቻቸውና ጥምቀት እንደሆነ በትሕትና ጠየቀች።

«ኖት ዬት» አሏት እትዬ አልማዝ፤ ገና ነው ለማለት።

እኔ ጥቁሩን የጎማ ልብስ ለብሼ ስመጣ ዞር ብለው አዩኝና፣ «ይህቺን ልጅ እንደ መኪና ጎማ አለበሷት» አሉ።

ውሃውን አየሁ። ከተመኘሁት በላይ ትልቅ ነበር፤ ሩቅ ቦታ ያለፈ አውሎ ነፋስ የላከው ማዕበል ነው። ዛሬ አይመችም፣ ሌላ ቀን እንምጣ ማለት እችል ነበር። ግን የመጡት እንዳለ ሊያዩት ነው፤ አሳምሬ ላሳያቸው አልፈለግኩም። ገባሁ።

ወደቅኩ። ተነሣሁ፣ ወደቅኩ። ዳኞቼ እያዩኝ መሆኑን ስለማልረሳ ያገኘሁትን ማዕበል ሁሉ እያሳደድኩ ጉልበቴን ጨረስኩ። ከዚያ አንዱ ከላዬ ተናደብኝ። ውሃ ውስጥ ስገለባበጥ የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ ጠፋኝ፤ አሸዋው ጉንጬን ሲፍቀኝ ነው ታችን ያወቅኩት። ብቅ ስል አባቴን አየሁት። ከነጫማው፣ ከነሱሪው እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሟል። ከረባቱን ነፋሱ ትከሻው ላይ ጥሎታል።

«ውጪ» አለኝ።

«ደህና ነኝ አባዬ።»

«ውጪ አልኩሽ።»

«አንዴ ብቻ ልሞክር።»

እጄን ይዞ የሚጎትተኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ፊቱን ወደ ባህሩ አዞረ። ድሮ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ካርታ እንደሚያይ ዝም ብሎ ብዙ አየው።

«ተከታትለው ነው የሚመጡት» አለ።

«ምኖቹ?»

«ትልልቆቹ። በቡድን ይመጡና ከዚያ ጋብ ይላል። አንቺ የምትታገዪው በተጋጋሉበት ሰዓት ነው። ጋብ ሲል ቀዝፈሽ እለፊያቸው፤ ማዶ ሆነሽ ጠብቂ።»

ይህን አውቀው ነበር። መጀመሪያ የሚያስተምሩት ነገር ነው፤ ለማሳየት ስጣደፍ ጠፍቶብኝ ነው። ከእሱ አፍ ስሰማው ግን ደረቴ ላይ የነበረው ነገር ቀለል አለኝ። ጎን ለጎን ቆመን ጠበቅን። አለፉ። «አሁን» አለኝ፤ ቀዘፍኩ።

ማዶ ላይ ውሃው ጸጥ ያለ ነው። ቦርዴ ላይ ቁጭ ብዬ ትንፋሼን ሰበሰብኩ፤ አንድ ሁለቱን ለቀቅኳቸው። ሦስተኛው ሲመጣ ጀርባዬን እንደ እጅ ገፋኝና ተነሥቼ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ብዙ ማዕበል ጋልቤያለሁ፤ ከዚያ የበለጠ ትልቅም፣ ከዚያ የበለጠ ውብም። እስከ አባቴ ድረስ ያደረሰኝ ግን ያ ብቻ ነው። ቦርዴ ሊነካው ሲል ወረድኩ። አባቴ ቦርዱን ተቀብሎኝ በብብቱ ይዞ ወጣ።

ውሳኔው የተሰጠው መኪናው ውስጥ፣ ማሞቂያው እየነደደ፣ ኮምጣጤ የተረጨበት የኦሽን ሲቲ የድንች ጥብስ ከአንድ ትልቅ ኩባያ እየተነሣ ነው። ጋሼ ወልዴ አስቀድሞ ከሳሽ ይናገር አሉ።

አባቴ ከሱሪው ውሃ እየተንጠባጠበ ትንሽ አሰበ። «ዘና ልል ነው ስትለኝ ልጄ ሰነፈችብኝ ብዬ ነው የፈራሁት» አለ። «ይሄ ዘና ማለቱ የቱ ጋ ነው? እኔ ሰው እንዲህ ሲለፋ አላየሁም። ክሴን አንሥቻለሁ።»

«ሰውዬ የለም ማለት ነው?» አሉ እትዬ አልማዝ፤ ቅር ያላቸው ይመስላሉ።

«ሰውዬ የለም» አሉ ጋሼ ወልዴ። ከዚያ ውሳኔውን ተናገሩ። ሂጂ፤ ብቻሽን ባህር አትግቢ፤ በየእሑዱ ለአባትሽ ደውዪ። ወደ አባቴ ዞረው «መርቃት» አሉት።

አባቴ የሚመርቀው በደንብ አስቦ ነው። ከጭንቅላቴ ላይ አሸዋውን አራገፈና «ጋብ የሚልበትን ጊዜ የምታውቂ ያድርግሽ» አለኝ። ሁላችንም አሜን አልን።

ቅጠሉ ረግፎ ሳያልቅ መኪናዬን ጭኜ አገሩን አቋረጥኩ። ቬንቱራ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ጠዋት ባህር፣ ቀን ፍርድ ቤት። አዘጋጁ ያለኝ ቀልድ አልነበረም። አባቴ በየዓመቱ እየመጣ ባህሩ ዳር ወንበር ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር፤ ከውሃው ስወጣ የቀኑን ማዕበል እንደ ፈተና ወረቀት ያርምልኛል። ጤናው ሲደክም ማንም ሳይጠራኝ ተመለስኩ፤ ከሥራዬ ጋር እዚሁ ቀረሁ።

በዚህ ሙያ ስቆይ ብዙ ሰው የምኮራበትን ጽሑፍ ጠይቆኛል። ጽሑፍ አይደለም የምኮራበት። የምኮራው ልጁን ለመከልከል መጥቶ፣ መጀመሪያ ፊቱን ወደ ባህሩ አዙሮ ባየው አባቴ ነው። ከእነዚያ ሽማግሌዎችም ነው ያላየሁትን ላለመጻፍ የተማርኩት፤ ከማንም አዘጋጅ አይደለም። በእነሱ ፊት ደጋግሜ ወድቄ ደጋግሜ በመግባቴም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ዛሬም ድረስ እኮራለሁ።

ዳዊት በደወለልኝ ማግሥት መልሼ ደወልኩለት።

«ቅዳሜ እመጣለሁ» አልኩት። «ግን ከመጀመራችን በፊት አንተም ሊያም ቃል ትገባላችሁ፤ የምንወስነውን ልትቀበሉ።»

«ይሁን። ተይ ትያታለሽ አይደል?»

«ያላየሁትን አልፈርድም። ሽማግሌዎቹን ወደ ቤትህ አትጥራቸው፤ ኦሽን ሲቲ እንገናኛለን። ቦርዷን ጣሪያው ላይ አንተ ራስህ እሰረው።»

ከበስተጀርባ ሊያ ስትስቅ ይሰማኛል።

«እኔ እዚያ ምን እሠራለሁ?» አለ በመጨረሻ።

«ትቆማለህ፣ ታያለህ» አልኩት። «ትርፍ ሱሪ ብቻ ያዝ።»