አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ

ባለፈው ቅዳሜ ከምሳ በኋላ እዚህ አሜሪካ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ቀስ እያልኩ ስራመድ (ሐኪሜ የእግር ጉዞ ይለዋል፤ እውነቱ ግን መኪናዬን የት ፓርክ እንዳደረግሁ ረስቼ መፈለጌ ነው) አንድ ወጣት ከአስፋልቱ ዳር ያቆማትን ነጭ፣ ክብ፣ ከመኪና ኋላ የምትጎተት የፋይበርግላስ ቤት ሲወለውል አገኘሁት። የፖሊሹ ሽታ ገና ሦስት ሱቅ ሲቀረኝ ነው አፍንጫዬን የያዘኝ፤ የጥፍር ቀለምና የቀለጠ ጧፍ አንድ ላይ የተደባለቁ የሚመስል፣ ጣፋጭም ኃይለኛም የሆነ ሽታ ነው፣ አንዴ ያሸተተው ሰው አይረሳውም። ቆምኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ ፀሐይ ላይ እንዳይወለውል፣ ጨርቁንም እያሽከረከረ እንጂ ወዲያና ወዲህ እንዳይጎትት መከርኩት። ልጁ ጨዋ ነው፤ ‹‹ኦኬ ጋሼ›› አለኝ፣ ‹‹አሁን ሂድልኝ›› የሚለውን ለእኔ አስተዋይነት ትቶ። እግሬ ወደ መኪናዬ ፍለጋ ተመለሰ፤ ልቤ ግን እዚያው ሽታው ውስጥ ቀረ።

እኔና ባለቤቴ ሙሉ እንዲህ ያለችውን ተሳቢ የገዛናት ቫን ናይስ የሚባል ሰፈር ከአንድ ጡረተኛ ፈረንጅ ግቢ ነው። ሰውዬው ስለ ፋይበርግላስ ሲያወራ የሚሰብክ ይመስል ነበር፤ እንጨት አይደለችም አትበሰብስም፣ ቆርቆሮ አይደለችም አትዝግም፣ ሁለት ግማሽ ቅርፊት ወገቧ ላይ ተጋጥመው የተሠራች ናት አለን። ሙሉ አንዴ ዞረቻትና ‹‹ቅል ናት›› አለች፤ ስሟም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅል ሆኖ ቀረ። ሰውዬው ያልነገረን ቅልም ቢሆን ከተበሳ እንደሚያፈስ ነው። ቅላችን መስኮት አላት፣ ጣሪያዋ ላይ የአየር መውጫ አላት፣ ጎኗም ከላይ እስከ ታች በሪቬት፣ አናቱ በተደፈጠጠ የብረት ችንካር፣ ተጠቅጥቋል፤ የመጀመሪያው ዝናብ በእያንዳንዱ ቀዳዳ በየተራ ገባ። እኔ ደግሞ ምሁር ነኝ፤ ምህንድስና ልማር መጥቼ የሰው መኪና ፓርክ በማድረግ ላይ የቀረሁ ምሁር። ስለዚህ ሲልከን የሚሉትን የቀዳዳ ማሸጊያ ሙጫ ገዝቼ ባገኘሁት ቀዳዳ ሁሉ ላይ ቀባሁት፣ ሲያፈስ ደገምኩት፣ ሲያፈስ ሰለስኩት። ሲልከን አመለኛ ነው፤ አንዴ በተቀባበት ቦታ ላይ ሌላ ነገር አያስጠጋም፣ ራሱን እንኳ። በሁለት ዓመት ውስጥ ቅሌ ንፍጧ አፍንጫዋ ላይ የደረቀባት ሕፃን መሰለች።

ቢሆንም እንወዳት ነበር። ወር በገባ አንዴ ከፎርዳችን ኋላ አስረናት ከከተማው ወጥተን እናድራለን። ውስጧ አልጋችን ከኋላ፣ ትንሽዬ አግዳሚ ከፊት፣ በመካከል ሁለት ሰው ሲተላለፍ አንዱ ትንፋሹን መያዝ ያለበት መተላለፊያ፤ ጠዋት ፀሐይዋ ቅርፊቱን አልፋ ስትገባ እንቁላል ውስጥ የተኛን ይመስለን ነበር። የማኅበራችን ሰዎች ይህን ሊገባቸው አልቻለም። ቤት እያላቸው ሜዳ የሚያድሩ፣ አልጋ እያላቸው በየወሩ የሚሰደዱ፣ ምን ቢጎድልባቸው ነው እያሉ ያሙን ነበር፤ አንዷማ ተጣልተን እንደሆነ ብላ ሽማግሌ ልትልክብን ከጅሏት ነበር።

አባቴ የመጡት በዚያ ዘመን ነው።

አባቴ የአሰብ መንገድ የተሳቢ ሾፌር ነበሩ። ልጅ ሳለሁ ከመርካቶ ወዲያ ያለው ሰፈራችን የሳምንቱን ቀን የሚቆጥረው በእሳቸው መምጣትና መሄድ ነበር፤ ሲገቡ ናፍጣና ቴምር ይሸታሉ፣ ጫማቸው ውስጥ ጨው የመሰለ አሸዋ ይኖራል፣ ግራ ክንዳቸው ሁልጊዜ በመስኮት ስለሚወጣ ከቀኙ ሁለት እጥፍ የጠቆረ ነው። እኔና እህቴ ሲተኙ ቀስ ብለን ሁለቱን እጆች ጎን ለጎን አድርገን እናመሳክር ነበር፣ አንዱ የሌላ ሰው እጅ ይመስለን ነበርና። መኪናዋን ግን አያስነኩኝም። አንድ ቀን ጎማዋን ስነካካ አግኝተው እጄን በራሳቸው መሐረብ ጠረጉትና የአንተ እጅ የሚቆሽሸው በቀለም ብቻ ነው አሉኝ። እኔም ትእዛዙን አከበርኩ፤ ከማክበርም አልፌ ትምህርት ቤት የጌቶች ልጆች አባትህ ምንድን ነው ሲሉኝ ‹‹በትራንስፖርት ሥራ ላይ ናቸው›› እያልኩ ቢሮ ያላቸው አስመሰልኩ። እግዜር ሲቀጣ ደግሞ ድንጋይ አይወረውርም፤ አሜሪካ መጥቼ ትምህርቱ ሲከሽፍና የመኪና ማቆሚያ ቦታ ሥራ ስገባ፣ ለአባቴ በደብዳቤ የጻፍኩላቸው ያንኑ ቃል ነው። በትራንስፖርት ሥራ ላይ ነኝ።

እና ለሦስት ወር መጡ። እኔና ሙሉ ስናከብራቸው ልክ አጣን። ማንኪያ ሊያነሱ ሲሉ እናነሳላቸዋለን፤ መጥረጊያ ሲይዙ ከእጃቸው እንቀማለን፤ አንድ ቀን የተቃጠለ አምፖል ሊቀይሩ ወንበር ላይ ሲወጡ ሁለታችንም ወገባቸውን ይዘን እንደ ታቦት አወረድናቸው። ዓረፍተ ነገራችን አንድ ነበር፤ አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ሶፋው ላይ፣ ቋንቋውን ከማያውቁት ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጫቸው እወጣለሁ፤ ማታ ስመለስ እዚያው ናቸው፣ የሶፋው ትራስ እንኳ ቅርጻቸውን ይዞ ነበር። እኔ ደስ ይለኛል። ዕድሜ ልካቸውን የለፉ ሰው አሳረፍኩ ብዬ ኩራቴ በር አያስገባም።

ሁለት ወር ተኩል ገደማ ሲሆን አንድ ማታ ሙሉ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አባባ ትኬታቸው ቀድሞ ይቀየር እንደሆነ እንደጠየቋት ነገረችኝ። በዚያው ሳምንት መሄድ ይፈልጋሉ። ክው አልኩ። ምን ጎደለባቸው፣ ምን አጠፋን አልኳት።

‹‹ምንም አላሉም›› አለች። ‹‹‘ልጄ፣ ከበቃኝ በላይ ተቀመጥኩ’ ብቻ ነው ያሉት።››

አባቴ ዳግም እንደማይመጡ አውቅ ነበር፤ በሰባ ሁለት ዓመታቸው ያን ሁሉ ሰማይ ሁለቴ አያቋርጡትም። ተቀይመው ቀድመው ከሄዱ ቅያሜው ዕድሜ ልክ ነው። ምሁሩ ልጃቸው ታዲያ ነገሩን እንዴት ተረዳው? መቀመጡ ሳይሆን መቀመጫው ሰለቻቸው ብሎ። ስለዚህ አየር ይቀይሩ፣ በቅሏ ከተራራው ማዶ ያለው ሐይቅ ወስደን እናሳድራቸውና ሐሳባቸውን ይለውጡ ይሆናል አልን።

ሙሉ ለሦስት ሰው የምትሰንቀው የሠርግ ያህል ነው። ትልቁን ድስት፣ በበረዶ የተሞላ የምግብ ሣጥን፣ ሁለት ጀሪካን ውኃ፣ ከሰል፣ ሽንኩርት በጆንያ። እኔ ይህን ሁሉ ከኋላ ከአልጋው ሥር አጨቅሁት፤ የፊቱን አግዳሚ ባዶ አድርጌ ፍራሽ አነጠፍኩበት፣ ስንቆም አባባ ጋደም እንዲሉ። አባቴ ቅሏን ዞሯት። ከፎርዱ ጋር የምትያያዝበትን የብረት ክንድ በአንድ እጃቸው ብድግ አደረጉትና መልሰው አስቀመጡት፣ ፊታቸው ላይ ያን ጊዜ ያልገባኝ ነገር አለፈ። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው አንዱን ጀሪካን ይዘው ወደ ፊት ሲመጡ ሮጬ ከእጃቸው ወሰድኩና ወደ ቦታው መለስኩት። አባባ፣ እርስዎ ይቀመጡ። የምግብ ሣጥኑን ሊጎትቱ ሲሉ ሙሉ ደረሰችባቸው። ሦስተኛ አልሞከሩም፤ ፎርዱ ውስጥ ገብተው ቀበቷቸውን አሰሩና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ዳገቱን እስክንጨርስ ሁሉ ነገር ሰላም ነበር። ቁልቁለቱን ይዤ ፍጥነት ሲጨምር ቅሏ በግራ መስታወት ብቅ አለች፣ ቀጥሎ በቀኝ፣ ቀጥሎ በግራ፤ ከኋላችን የታሰረች ቤት ሳትሆን የሚያወዛውዛት ጅራት ሆነች፣ ፎርዱንም ይዛው ትዞር ጀመር። እኔ ፍሬን ረገጥኩ፣ ባሰባት። አጠገባችን እንደ ሕንፃ የረዘመ የጭነት መኪና ክላክሱን እየነፋ አለፈ። ሙሉ ከኋላ ወንበር የማትጠራው ታቦት የለም። አባቴ እጃቸውን ከጭናቸው ሳያነሱ፣ ድምፃቸውንም ከፍ ሳያደርጉ፣ ፍሬኑን ተው፣ ነዳጁን ልቀቅ፣ መሪውን ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ አትከራከራት አሉኝ። ያዝኩ። ቅሏ አንዴ ሁለቴ ተወራጭታ በረደች፤ መንገዱ ሰፋ ካለበት ወጥቼ አቆምኩ። ፍሪዌዩ አጠገባችን ይጮኻል።

አባቴ ዞር ብለው አዩኝ።

‹‹አሁንም ልቀመጥ?››

መልሴን ሳይጠብቁ ወርደው የኋላውን ከፈቱ። ጀሪካኖቹን፣ ሣጥኑን፣ ድስቱን አንድ በአንድ እያቀበሉኝ ከጎማው ወደ ፊት አስደረደሩኝ፤ ያ ፍራሽ ያነጠፍኩበት የክብር አግዳሚ ሽንኩርት ተጫነበት። ተሳቢ ከኋላው ከከበደ ጎታቹን ይነዳዋል፣ ከፊቱ ሲከብድ ነው የሚታዘዝ አሉ፣ የብረቱንም ክንድ ከፎርዱ ፈትተው እንደ ጠዋቱ በአንድ እጅ ብድግ ሊያደርጉ ሞከሩ፤ አልነሳ አለ። እሺ፣ አሁን መልሰህ እሰራትና እንሂድ አሉ።

ሐይቁ ጋ ስንደርስ ደግሞ ሌላ ጉድ ጠበቀኝ። የተሰጠን ቦታ በሁለት ዛፎች መሐል ነበር፣ ወደ ኋላ ነድቶ ማስገባት ያስፈልጋል። ተሳቢ ወደ ኋላ ሲነዳ የተገላቢጦሽ ነው፤ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞረው ወደ ግራ ይሄዳል። ሥራዬ መኪና ፓርክ ማድረግ ነው፣ በቀን ሁለት መቶ መኪና ዓይኔን ጨፍኜ አስገባለሁ፣ ቅሏን ግን በሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን በአንድ ሙከራ አስገብቻት አላውቅም። ጎረቤት የሰፈሩት ፈረንጆች ተጣጣፊ ወንበራቸውን ወደ እኛ አዙረው ቢራቸውን ከፈቱ። ሰባት ጊዜ ሞከርኩ። በሰባተኛው ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩ፣ በአባቴ በኩል ዞሬ በሩን ከፈትኩና ቁልፉን ዘረጋሁላቸው።

‹‹አባባ፣ እርስዎ ያስገቡልኝ።››

ቁልፉን አዩት። እኔ ደግሞ የታየኝ የድሮው ሰፈራችን ነው፤ አባቴ ያን ረጅም መኪና በጠባቡ መንገድ ወደ ኋላ ሲያስገቡ ሴቶቹ ስጣቸውን እየሰበሰቡ፣ ወንዶቹ ከጠላ ቤት እየወጡ ቆመው ያዩ ነበር፣ አጥሩና መኪናው መካከል የጣት ያህል ክፍተት ሲቀር ሁሉም ትንፋሹን ይውጥ ነበር። እኔ ብቻ የክፍሌ ልጅ እንዳያየኝ በር ሥር እደበቅ ነበር። አባቴ መሪውን ያዙ፣ ሦስተኛው ፔዳል፣ ፍሪሲዮኑ፣ የት ሄደ ብለው ጠየቁ፣ እንደሌለ ስነግራቸው የሰነፍ መኪና ነው አሉ፣ ግራ ክንዳቸውን በመስኮት አወጡና አንዴ ብቻ ወደ ኋላ ነዱ። ቅሏ እንደ ተጠራ ልጅ ሄዳ በሁለቱ ዛፎች መሐል ቆመች። አንዱ ፈረንጅ አጨበጨበ። አባቴ ኮፍያቸውን አንስተው እጅ ነሱትና ለጎማው ታኮ የሚሆን ድንጋይ አምጣ ብለው ላኩኝ። ሮጥኩ። እንዲህ ደስ ብሎኝ ተልኬ አላውቅም።

በማግስቱ ከጠዋት እስከ ማታ ሲልከኔን በካቻቢቴና በጥፍራችን ፋቅነው። አባቴ አንዳንዱን ክር መሳይ ቁራጭ ወደ ብርሃን አንስተው እያዩ ይህን የሠራው ሠራተኛ ማን ነበር ይላሉ፣ ማን እንደሆነ እያወቁ፤ እኔም አባርሬዋለሁ እላለሁ። መስኮቱን አወለቅነው፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው፣ ውኃ የማያስገባ ጥቁር የሚያጣብቅ ጥቅል ልጥፍ ዙሪያውን አስይዘን መለስነው፤ እሳቸው ይጫናሉ፣ እኔ ብሎን አጠብቃለሁ። እንዲህ ትከሻ ለትከሻ ሆነን፣ ዓይን ለዓይን ሳንተያይ፣ ሥራህ በእርግጥ ምንድን ነው ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። የሰው መኪና አቆማለሁ አባባ፣ ሰው ሲመለስ አመጣለታለሁ። መስኮቱን ጠበቅ አድርገው ተጫኑት።

‹‹ታዲያ የትራንስፖርት ሥራ ነዋ›› አሉ።

ከዚያ ሳቁ፣ ትከሻቸው ቅሏን እስኪያነቃንቅ። በልጅነቴ ያልኩት ደርሷቸው ይሁን፣ ወይም ደብዳቤዬን አስታውሰው ይሁን፣ አልጠየቅሁም።

ትኬቱ አልተቀየረም። ከሐይቁ ከተመለስን በኋላ አባቴ የግቢውን በር አቃኑ፣ የቅሏን ፍሬን ፈትተው አጠቡ፣ የሙሉን የኩሽና መሳቢያዎች አስተካከሉ፣ ጠዋት ቁርስ ሳልጨርስ ዛሬ ምን እንሠራለን ይሉኝ ነበር። ቀናቸው ሲደርስ ዌስትቼስተር አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ እያወራን ሄድን፤ ጥፍራቸው ውስጥ ጥቁሩ ልጥፍ ነበር፣ በሳሙናም አልለቀቀም። ተመልሰው አልመጡም። በአራተኛው ዓመት መርዶው በስልክ ደረሰኝ። ቅሏን የሸጥናት ከዚያ ብዙ ቆይቶ ነው፣ የሙሉ ጉልበት ደረጃዋን እምቢ ሲላት፤ ያቺ መስኮት እስከዚያ ቀን ድረስ አንድ ጠብታ አላስገባችም። የሌሎቹን መስኮቶች ሁኔታ ለገዢው አልነገርኩትም፣ የቫን ናይሱም ሰውዬ አልነገረኝም።

አሁን ግሌንዴል ያለችው ልጄ ቤት ስሄድ ከእጄ ዕቃ ትቀበለኝና ዳዲ፣ አንተ ተቀመጥ ትለኛለች። እቀመጣለሁ፤ የአባቴን ሙያ አልወረስኩም፣ ስንፍናዬ የግሌ ነው። ስቀመጥ ግን ሒሳብ ይመጣብኛል። አባቴ እኔ ጋ የቆዩት ዘጠና ቀን ነው። ከእሱ ውስጥ እኔ ያገኘኋቸው አሥራ ሦስቱን ነው። ሰባ ሰባቱን ያገኛቸው ሶፋው ነው።