ሦስት አሰልጣኝ ለአንዲት ትርንጎ

ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት ብርቱካን በፌስታል አንጠልጥዬ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገባሁ... ትርንጎን ልጠይቅ።

ትርንጎ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። መሐል ሜዳ ከተማ የማሰለጥነው የሰፈር ቡድን አጥቂ ናት። እሁድ ጨዋታ ላይ ማንም ሳይነካት፣ ብቻዋን ኳስ ይዛ ስትሮጥ ቅልጥሟ ተሰበረ። ድምፁ እኔ የቆምኩበት ድረስ ተሰምቷል።

ክፍሉ ስገባ የትምህርት ቤቷ የስፖርት መምህር ሙዝ ይዞ ቀድሞኛል። ሰላም ተባብለን ሳንጨርስ የታዳጊዎች ፕሮጀክት አሰልጣኟ ጭማቂ ይዛ ከች አለች። አባቷ የሱፍ ባናቸውን ደርበው እግርጌዋ ተቀምጠዋል። ሦስት አሰልጣኝ ለአንድ አልጋ... ሳቄ ሊመጣ ነበር።

ሐኪሙ ራጁን ይዞ ገባ።

«ይሄ የእሁድ ብቻ አይደለም። አጥንቷ ከጫና ብዛት ቀድሞ ተሰንጥቋል። ሳታርፍ ስለቀጠለች ነው የለየለት። በሳምንት ስንት ቀን ትለማመዳለች?»

«ሁለት ቀን ብቻ» አልን... ሦስታችንም።

ተያየን። እኔ ሰኞና ሐሙስ። መምህሩ ማክሰኞና ዓርብ። የፕሮጀክቷ አሰልጣኝ ረቡዕና ቅዳሜ። እሁድ ጨዋታ ነው።

የምንሠራው አንድ ሜዳ ላይ ነው እኮ! ኳስ ስንዋዋስ ነው የከረምነው። ሌላም ጋ እንደምትጫወት እያንዳንዳችን እናውቃለን፣ እንዲያውም እንኮራበታለን። ቀኑን የደመረ ግን አልነበረም።

የእኔ ደግሞ ይብሳል። ሐሙስ ዕለት «ኮች፣ ቅልጥሜን እየወጋኝ ነው» ብላኝ ነበር። «ሰውነትሽ ሲሞቅ ይለቅሻል፣ ግቢ» አልኳት። አፌን በቆረጠው።

ትርንጎ ሐኪሙን «ለሚቀጥለው ወር የክለብ ምልመላ እደርሳለሁ?» አለችው። ሁለት ዓመት የጠበቀችው ነገር ነው።

«የዘንድሮውን እርሺው፣ እህቴ። መጀመሪያ በደንብ መራመድሽን እንይ» አላት።

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ያኔ አባቷ ቀስ ብለው ተናገሩ። ቁጣ የለባቸውም።

«ልጆቼ፣ እኔ ያለኝ አንድ በሬ ነው። ከጎረቤቴ ጋር ተቀናጅተን ነው የምናርስ። በሬዬን ለሌላም ስለማውሰው፣ ጎረቤቴ ሊወስድ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ‹ትናንት የት ዋለ?› ብሎ ነው። ቀንበር ላይ ውሎ ከሆነ ‹እንግዲያ ዛሬ ይረፍ› ብሎ ባዶ እጁን ይመለሳል። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ... የምትጠያየቁ መስሎኝ ነበር።»

ቢሰድቡን በተሻለ። መምህሩ አንገቱን ደፋ። እኔ ፌስታሉን የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ትርንጎ ከግድግዳው ዞራ እንባዋን ጠረገች። «አባዬ፣ ምንም አይበሏቸው። እነሱ አላስገደዱኝም፣ ከቀረሁ ቦታዬን ሌላ ይይዝብኛል ብዬ ነው» አለች። ቀና ብለን እንድናያት ፈገግ ለማለት ሞከረች።

እግሯ ተሰብሮ እንኳ ለሦስታችን መድከሟን አላቆመችም።