የእትዬ ዘሀራ ዘጠኝ ደቂቃ

እሑድ ጠዋት፣ አንድ ሰዓት

ባሕር ዳር ፋሲሎ ሰፈር ካለው ቤቴ ስወጣ በጀርባዬ ፕሮጀክተር አዝያለሁ፣ በእጄ የታጠፈ ነጭ አንሶላ ይዣለሁ። መድረሻዬ ቁንዝላ ነው። ከጣና ማዶ ባለችው በዚያች የዓሣ አጥማጆች ከተማ የቀረጽኩት አስፈሪ ፊልም የማሳያ ፈቃድ አግኝቷል። ባሕር ዳር ሲኒማ ቤት ከመግባቱ በፊት ለቁንዝላ ሰው በነፃ ላሳይ ቃል ገብቼ ነበር። ለሰው የምናገረው ይህን ነው። ዋናው ጉዳዬ ግን ሌላ ነበር፤ እትዬ ዘሀራ የተባሉ የጨርቅ ነጋዴ የተወኑበት የዘጠኝ ደቂቃ ክፍል ከፊልሙ መውጣቱን፣ አንሶላው ከመወጠሩ በፊት ለራሳቸው መንገር።

ሚኒባሱ በመራዊ አድርጎ እስከ ዱርቤቴ በአስፋልቱ ጥሩ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ጠጠርና አቧራ ነው። መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለከረመ ታሪፍ የሚባለው ነገር ተረስቷል፤ አራት መቶ ብር ተባልኩ፣ ከፈልኩ። ሁለት ቦታ ወርደን ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ ፕሮጀክተሩን አገላብጦ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ።

«ፊልም ማሳያ ነው።»

«የምን ፊልም?»

«የሚያስፈራ።»

«ደግሞ የሚያስፈራ ጠፋና!» ብሎ ሳቀና አሳለፈኝ።

ስለ ዘጠኙ ደቂቃ

ፊልሙ ወንድሟ በርስት ተጣልቷት በቢላዋ ወግቶ ሐይቁ ውስጥ ስለጣላት ሴት ነው። ከሞተች በኋላ ከሐይቁ ዳር ደንገል መሃል እየተነሣች ቤቱን ታስጨንቃለች። ሴቲቱን እንድትጫወት ከባሕር ዳር የወሰድኳት ተዋናይ ውሃው ቀዘቀዘኝ ብላ ጥላኝ ሄደች። ያኔ ግርግሩን ለማየት ከቆሙት መሃል እትዬ ዘሀራ «እኔ እገባለሁ» አሉ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ በሕይወታቸው ካሜራ ፊት ቆመው የማያውቁ ሴት ናቸው። ሦስት ጠዋት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ እስከ ደረታቸው ውሃ ውስጥ ቆሙልኝ።

ደሙን የሠራሁት ከቀይ ሥርና ከማር ነበር። የእኔ ጅልነት ነው። ፀሐይ ስትወጣ የአካባቢው ንብ ሁሉ አንገታቸው ላይ ሰፈረ። ደንግጬ ካሜራውን ላጠፋ ስል ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ «ተው፣ አታቋርጥ። የሞተ ሰው ንብ አያባርርም» አሉኝ። በሥራዬ ዘመን ከቀረጽኩት ሁሉ የሚበልጠው ያ ነው።

ከተማው ግን ዝም አላለም። ዘሀራን ጅኒ ውሃ አስገባት ተባለ፣ አንዳንድ ደንበኛም ራቃቸው። የእሳቸው መልስ አንድ ነበር፦ «ፊልሙ ሲመጣ ታያላችሁ።» ሁለት ዓመት እንዲህ እያሉ ጠበቁኝ።

ስድስት ሰዓት፣ ቁንዝላ

ጀልባ ማቆሚያው አጠገብ የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ አዘዝኩ። የጣና ቀረሶ ትኩሱን ሲበላ የሚጠገብ አልነበረም፤ እኔ ግን ግማሹን ትቼ ተነሣሁ። እትዬ ዘሀራ ሱቃቸው ፊት አግዳሚ ወንበር እየደረደሩ ነበር።

«መጣህልኝ? የእድሩን ወንበር ለምኜ አስመጣሁ። ያሙኝ ሁሉ ከፊት ነው የሚቀመጡ!»

«እትዬ፣ የእርስዎ ክፍል… ቆረጡት።»

«እነማን?»

«ገምጋሚዎቹ። ደም በዛበት ብለው።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም።»

«ንቦቹንም?»

«ንቦቹንም።»

ውሸቴን ነበር። የገምጋሚዎቹ ደብዳቤ የሚለው ቢላዋው ገላ ውስጥ ሲገባ የሚታይበት ቅጽበት ይውጣ ነው። አራት ሰከንድ ናት። እኔ ግን ዳግመኛ ቢመልሱብኝስ፣ ሲኒማ ቤቱ የሰጠኝ ቀን ቢያልፍብኝስ ብዬ ዘጠኙንም ደቂቃ ጠርጌ አወጣሁት። ግድያውን አንድ ጎረቤት በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲያወራው፣ የሞተችውም በድምፅ ብቻ እንድትሰማ አደረግኩ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እኔ ነኝ።

እትዬ ዘሀራ አልጮኹም። «እንግዲያ ዛሬ አይታይም» ብለው አንዱን አግዳሚ በአንድ ጫፍ አነሡ። ሌላውን ጫፍ ያዝኩ። ከተማው እያየን ወንበሩን ሁሉ ወደ እድሩ ቤት መለስን።

ሰኞ ጠዋት

ሚኒባሱ አጠገብ እትዬ ዘሀራ ስንቅ ቋጥረው ቆመዋል። አጠገባቸው ሁለት ሽማግሌዎች አሉ፤ ሐጂ ኑሩና መሪጌታ ጥበቡ።

«ወዴት ናችሁ አባቶቼ?» አልኩ።

«ከአንተ ጋር ባሕር ዳር ነዋ» አሉ መሪጌታ። «የቆረጠው ሰው አይደል? ሰው ይለመናል። ስንት ደም ያደረቅን ሽማግሎች የፊልም ደም ያቅተናል?»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ቀድሜያቸው ሚኒባሱ ውስጥ ገባሁ። እነሱ መንገዱን ሙሉ ከሹማምንቱ ፊት የሚሉትን ሲያጠኑ እኔ በመስኮት አቧራ ሳይ ሄድኩ።

ዱርቤቴ ሻይ ለመጠጣት ወረድን። እትዬ ዘሀራ «እኔስ ምን ልበል?» ብለው ጠየቁ።

«አንቺ ዝም ብለሽ ቁሚ» አሉ ሐጂ ኑሩ። «ሹሙ አይቶሽ ያፍራል።»

ከዚህ በላይ አልቻልኩም። «አባቶቼ፣ የሚለመን ሹም የለም። እነሱ ያሉት አራት ሰከንድ ነው። የቀረውን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?» አሉ እትዬ ዘሀራ።

«ፈራሁ።»

«እኔስ እየፈራሁ አይደል ውሃ የገባሁት?»

ሽማግሌዎቹ ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ። ሁለቱ ተያዩና ብድግ አሉ። መሪጌታ ነጠላቸውን አደገደጉ፣ ሐጂ ኑሩ ከጎናቸው ቆሙ፤ አባቴ የሚሆኑ ሰዎች እኔ ፊት።

«ለልመና ወጥተናል፣ ሳንለምን አንመለስም» አሉ መሪጌታ። «ልጃችን፣ ስለ እግዜር፣ የእህታችንን ሥራ መልስላት።»

«ስለ አላህ» አሉ ሐጂ ኑሩ።

ተነሥቼ እንዲቀመጡልኝ ለመንኩ። «ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም» አሉኝ። ሻይ ቤቱ በሙሉ ያየናል፤ ምን ዓይነት ትልቅ ሰው ቢሆን ነው እያለ ይሆናል። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። «እሺ» አልኩ። ያኔ ተቀመጡ፣ ሻያቸውን ጨርሰው በተገኘው መኪና ወደ ቁንዝላ ተመለሱ። እትዬ ዘሀራ በመስኮቱ «ንቦቹ እንዳይቀሩ!» ብለውኝ ሄዱ።

አሥር ሰዓት፣ ባሕር ዳር

ቤቴ ገብቼ ኮምፒውተሩን ከፈትኩ። ከአራቱ ሰከንድ በቀር ሁሉንም ወደ ቦታው መለስኩ። ለሲኒማ ቤቱ ደውዬ እንደምዘገይ ስነግር ቀኔ ለአንድ ኮሜዲ ተሰጠ። ፊልሙ እንደገና መገምገም አለበት፤ ሊያሳልፉት ይችላሉ፣ ላያሳልፉትም ይችላሉ።

ለዓመታት፣ የፊልም ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ፣ ቆራጮቹን ስረግም ኖሬያለሁ። ከእኔ የባሰ ቆራጭ እንዳልነበረ ያወቅኩት ዱርቤቴ ሻይ ቤት ነው።

የድጋሚ ግምገማው ቅጽ ላይ ለውጥ የተደረገበት ምክንያት የሚል ክፍት ቦታ አለ። «ለጥራት» ብዬ ጻፍኩ። ሰረዝኩት። «ማንም ሳያዘኝ፣ ፈርቼ የቆረጥኩትን መልሼ ነው» ብዬ ጻፍኩና ስሜን አስከትዬ ፈረምኩ።