ለኃላፊዬ ስል ያጠናኋቸው ቃላት

አዋሽ በመምህርነት እንደተመደብኩ ከትምህርት ሰዓት በኋላ የሚሰበሰብ የእንግሊዝኛ ክርክር ክለብ አቋቋምኩ። የእንግሊዝኛ ክፍል ኃላፊያችን ግን ሊያዘጉት ቆርጠው ተነሡ። በመምህራን ስብሰባ ላይ ጥቅሙን ሳስረዳ፣ "አንቺ ልጅ፣ ገና ሙቀቱን ሳትለምጂው እኛን ልታስተምሪ ነው?" አሉኝ። መምህራኑ ሳቁ። እኔም ተቀመጥኩ።

ከዚያ ወዲያ ቃላት ያጠናሁት ለዕውቀት አልነበረም፤ ለእሳቸው ነው። ነገሩን ትቶ ተናጋሪውን መምታት አድ ሆሚነም ይባላል። ያልተባለውን እንደተባለ አድርጎ አቁሞ መጣል ስትሮው ማን ነው፤ የገለባ ሰው እንደማለት። ትንሽ ነገር ከተፈቀደ ሁሉም ይፈርሳል ብሎ ማስፈራራት ደግሞ ስሊፐሪ ስሎፕ ነው። ለሁሉም ምሳሌ የሚሆን የእሳቸው ንግግር አላጣሁም።

ጉዳዩን ለበላይ ስላቀረቡት ውሳኔው ሰመራ በተጠራው ስብሰባ ላይ ሆነ። ኃላፊዬ ቀድመው ተነሥተው፣ ተማሪዎች በክለቡ ሰበብ ሌላውን ትምህርት እየጣሉ ነው፣ ዛሬ ይህ ከተፈቀደ ነገ የሚማር አይገኝም አሉ። ተራዬ ሲደርስ ቃላቶቼን ደረደርኩ። ግማሹ ሰው አልገባውም፤ ግማሹ ሰልችቶታል። መሸነፌ ታወቀኝ።

ያኔ ሰብሳቢውን አየሁ። አፋር ናቸው። አፋር ሲገናኝ ዳጉ ይለዋወጣል፤ ወሬ ነጋሪው ያየውን ከሰማው ይለያል፣ የሰማውንም ከማን እንደሰማ ይናገራል። ያደበላለቀ ሰው አይታመንም። እንግሊዝኛውን ትቼ ወደ ኃላፊዬ ዞርኩ።

"ጋሼ፣ ይህን ያዩት ነው ወይስ የሰሙት?"

"ሲባል ሰምቻለሁ።"

"ከማን?" አሉ ሰብሳቢው።

ኃላፊዬ ተቀመጡ። ክለቡ ይቀጥል ተባለ።

ስንመለስ ሚሌ ላይ ለምሳ ቆምን። ኃላፊዬ ወደ ጠረጴዛዬ መጥተው፣ "ክለቡን አገኘሽ፤ በዚህ ይብቃን" አሉኝ።

"የተሳቀብኝ እዚህ አይደለም፤ መምህራኑ ፊት ነው" አልኳቸው።

ሰኞ ከሰዓት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተነሥተው፣ ያን ቀን የተናገሩኝ ተገቢ እንዳልነበረ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ተናገሩ። ከኋላ ለተቀመጡት እንዲደግሙት ጠየቅኋቸው። ደገሙት። እንዲህ ሲሆን "ግድ የለም" ይባላል፤ ሁሉም ቃሏን ከአፌ ጠበቀ። እኔ ጠመኔዬን አንሥቼ ወደ ክለቤ ሄድኩ።