ዝባድ የማይሸተው አፍንጫ

በደርግ ጊዜ፣ ከጅማ ወጣ ብላ ሊሙ በኩል ባለች የቡና ከተማ የሳይንስ መምህር ሆኜ ስመደብ፣ ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ጥርኝ አርቢ ነበሩ። ጥርኝ ከድመት ተለቅ ያለ ዥጉርጉር አውሬ ነው። ከጅራቱ ሥር ካለ ከረጢት የሚፋቀው ቅባት ዝባድ ይባላል፤ በቀንድ ታሽጎ ጅማ ይወርዳል፣ ከዚያ ሽቶ ሊሆን ባሕር ይሻገራል። ባሕር ማዶ ሽቶ ይሁን እንጂ ጓሮ ውስጥ እያለ ሽታው ሌላ ነው። የመጀመሪያውን ምሳ አፍንጫዬን ይዤ በላሁና ሻንጣዬን ሳልፈታ ሌላ ቤት ልፈልግ ተነሣሁ። የሽማግሌው ባለቤት ሳቁብኝ።

“ማሎ መምህር! እባክህ ሁለት ሳምንት ታገስ፤ ሽታው ራሱ ይተውሃል” አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ አንድ ጠዋት ልብሴን ስለብስ ሽታው እንደሌለ ልብ አልኩ። የጠፋው ግን ለእኔ ብቻ ነው። ክፍል ስገባ የፊተኛው ረድፍ ተማሪዎች እርስ በርስ ተያይተው ይስቃሉ፤ ርዕሰ መምህሩም “ዛሬም ከነጥርኙ መጣህ?” ይለኛል።

እኔ ደግሞ ያልገባኝ ነገር እንደ እሾህ የሚወጋኝ ሰው ነኝ። እናቴ “ይሄ ልጅ የእባብ ጉድጓድ ቢያገኝ እጁን ሳይከት አያልፍም” ትለኝ ነበር። የማስተምርበት መጽሐፍ “አፍንጫ ይደክማል” ብሎ ነገሩን ያልፈዋል። ደክሞ ከሆነማ የቤቱ እመቤት ሽንኩርት ሲያቁላሉ ከደጅ እንዴት ይሸተኛል? ተማሪዎቼን ጤና አዳም አስመጥቼ አፍንጫቸው ሥር ይዘው እንዲቆዩ አደረግሁ። ደወሉ ሳይደወል ብዙዎቹ “ጠፋብን” አሉ። ሎሚ ስቆርጥ ግን ሁሉም ሸተታቸው። እንግዲህ አፍንጫቸው አልደከመም፤ የጠፋባቸው ያ አንዱ ሽታ ብቻ ነው።

ከዓመታት በኋላ እንዳነበብኩት፣ በአፍንጫችን ሴሎች ላይ ሽታን የሚቀበሉ ጥቃቅን ተቀባዮች አሉ። ያው አንድ ሽታ ያለ ዕረፍት ሲመላለስ ሴሉ ራሱ ተቀባዮቹን ያደነዝዛቸዋል፣ አንዳንዶቹንም ወደ ውስጥ ይስባቸዋል። ዕረፍት ሲያገኝ መልሶ ያነቃቸዋል። ያኔ ይህን ማን ነግሮኝ! የማውቀው አንድ ነገር ነበር፤ ለአሥር ቀን ሴሚናር ጅማ ሰንብቼ ስመለስ ያ የተረሳ ሽታ ገና ከአጥሩ በር ላይ ተቀበለኝ።

በዚያው ሰሞን የሽማግሌው ፊት ጠቆረብኝ። ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ይመልሳሉ። አንድ ቀን ከሰዓት በረንዳው ላይ አስቀመጡኝ።

“መምህር፣ አንተን ክፉ ነህ አላልኩም” ብለው ጀመሩ። “ግን ዝባዱ ሞቷል። ቀንዱን ከፍቼ አሸተዋለሁ፤ ወላሂ ውሃ ነው! ትልቁ ጥርኝ ደግሞ መብል ይንቃል፣ ስነካው ይጮሃል። አንተ ከመጣህ ወዲህ ነው። ዐይን ገብቶታል።”

ጥርኝ የባዕድ ዐይን አይወድም ይባላል። ጥርኞቹ ወዳሉበት ጎጆ ከእሳቸው በቀር ማንም አይገባም፤ መንገድ ሲወጡም ባለቤታቸው መብሉን ከበሩ ላይ አቀብለው ይመለሳሉ።

“ሰባት ዓመት አብሮኝ ኖሯል። ጁምዓ ጫካ ወስጄ እለቀዋለሁ። አንተም እስከዚያው ቤት ፈልግ” አሉኝ።

ደነገጥሁ። ሰባት ዓመት ተቀልቦ ያረጀ አውሬ ጫካ ገብቶ ስንት ቀን ይኖራል? ደግሞስ እኔ ንጹሕ ነበርኩ እንዴ? አንድ ጠዋት በጎጆው ስንጥቅ አጮልቄ አይቼዋለሁ። ጥርኙን ለማሞቅ የሚነደው እሳት ጭስ መሀል፣ ከልምጭ በተሠራ ጠባብ ቀፎ ውስጥ ተጋድሞ፣ በእነዚያ ጥቁር ዐይኖቹ ትክ ብሎ አይቶኛል። ሳይንስ አስተምራለሁ ባይ ነኝ፤ ያን ዕለት ግን “ዐይኔ ይሆን እንዴ?” ብዬ ከልቤ ፈራሁ። ፍርሃቱን ለመሸሽ ይመስለኛል መጠየቅ የጀመርኩት።

“አባባ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ጅማ የወረዱት መቼ ነው?”

“የይለፍ ወረቀት ከመጣ ወዲህ የት እሄዳለሁ? ዛሬ ስብሰባ፣ ነገ ጥበቃ። ዘንድሮ ቀንዱን የወሰደልኝ የእህቴ ልጅ ነው።”

“ድሮስ ከጅማ ሲመለሱ ዝባዱ ይሸትዎት ነበር?”

“ድሮማ ገና ወንዙን ሳልሻገር! ‘አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናቸው’ እል ነበር።”

ያን ጊዜ ነገሩ በራልኝ። ድሮ በየወሩ ጅማ ወርደው ሦስት አራት ቀን ሲቆዩ አፍንጫቸው ያርፋል። የዝባዱን ደህንነት የሚያውቁት፣ እሳቸው ልብ አላሉትም እንጂ፣ በሚመለሱበት ቀን ነበር። ይለፍ ሲመጣ ያ ዕረፍት ቀረ፤ ሽታውም ቀስ በቀስ ጠፋባቸው።

ይህን ሳስረዳቸው ተቆጡ። “የገዛ አፍንጫዬ ዋሸኝ ነው የምትለኝ?”

“አራት ቀን ብቻ ከቤት ይውጡ። ተመልሰው ካልሸተተዎት ጥርኙም እኔም አንድ ላይ ጫካ እንገባለን” አልኳቸው። ሳቅ አመለጣቸው፤ ጁምዓን ለአንድ ሳምንት ገፉት።

የቀበሌውን ሊቀመንበር “ለአፍንጫ ሕክምና ነው” ብዬ ይለፍ ለመንኩ። ውሸትም አልነበረም። በትምህርት ቤቱ የአጋማሽ ዕረፍት አብሬያቸው ጅማ ወረድኩ፤ እሳቸው ጊንጆ በሚባለው ሰፈር እህታቸው ዘንድ አረፉ። እህትየው ገና ከደጅ ልብሳቸውን ተቀብላ ዘፈዘፈችው። ሳይታጠብ የቀረው ጫማቸው ብቻ ነበር። በሦስተኛው ቀን ልጠይቃቸው ስሄድ ጫማውን አንስተው ደጋግመው ሲያሸቱ አገኘኋቸው።

በአምስተኛው ቀን ከመኪና ወርደን በእግር ወደ ቤት ስናዘግም፣ ወንዙ ጋ ስንደርስ ቆሙ። ጋቢያቸውን ከአፋቸው ላይ ገፈፍ አድርገው አየሩን በአፍንጫቸው ሳቡ።

“ያ ረቢ!” አሉ። “አለ! ዝባዱ አለ!”

ደስታዬን እንዴት ልናገረው? አንድ ነገር ጠርጥሬ፣ ሞክሬ፣ ልክ ሆኜ መገኘቴ ነው። ሰውየው ባይከብዱኝ ኖሮ ወንዙ መሀል እጨፍር ነበር። እሳቸው ግን አልጠበቁኝም፤ በሽምግልና እግራቸው ቀድመውኝ ሄደው፣ በቀጥታ ጥርኞቹ ጎጆ ገቡ። እኔና ባለቤታቸው ደጅ ቆመን ጠበቅናቸው። ቆዩብን። ሲወጡ ዐይናቸው እንባ አዝሏል።

“ማል ታኤ? ምን ሆነ?” አሉ ባለቤታቸው።

“ቁስል ይሸታል” አሉ።

ለካ ዝባዱ ሽታ የለውም ብለው፣ የተሻለ ይወጣ እንደሆን እያሉ፣ በዘጠኝ ቀን አንዴ የሚፋቀውን ትልቁን ጥርኝ በየሦስት ቀኑ ይፍቁት ኖሯል። ገላው ተልጦ መግል ይዟል። ጭስና ጨለማው ቁስሉን ሸሽጎት፣ በየቀኑ የሚያሸቱት የመግሉ ሽታም እንደ ዝባዱ ጠፍቶባቸው፣ እሳቸው ጩኸቱን ሲሰሙ ዐይን ነው ብለው ነበር።

“የሰው ዐይን ነው ስል የገዛ እጄ ኖሯል” አሉና ወደ እኔ ዞሩ። “አፉ በለኝ ልጄ።”

“ኧረ አባባ፣ አፉ ብያለሁ” አልኩ። ከደቂቃ በፊት ልጨፍር ያማረኝ ሰውዬ አፈርኩ።

እሳቸው ግን ዐይናቸው ከጎጆው አልተነቀለም።

“አንተስ አፌን ትሰማለህ” አሉ። “እሱን በምን ቋንቋ ነው ይቅር በለኝ የምለው?”