አንዲት ዶሮ

ጂንካ ገበያ ዳር ሙሉ ዶሮ በከሰል የሚጠብሰው ልጅ «ጋሼ፣ ይቅመሱ!» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። እሱ ምን አጠፋ?

በደርግ ጊዜ የቀበሌ ታጣቂዎች ታላቅ ወንድሜን ለጦርነት ሊወስዱ ግቢያችን ገቡ። እናቴ «ቤቴ የበላ ሰው ልጄን አይነጥቀኝም» ብላ ያለችንን አንዲት ዶሮ አሳረደች። ወጥ እስኪደርስ አንጠብቅም ሲሏት፣ ሳትበልት ሙሉዋን ደጅ ፍም ላይ ጠበሰችላቸው። ስቡ ፍሙ ላይ ጠብ ሲል ሽታው ሰፈሩን ሞላው፤ እኔም ምራቄን እውጥ ነበር። አጥንቱን ሳይቀር ጋጡ። አጥር ላይ በተሰጣው የወንድሜ ሸሚዝ እጃቸውን ጠረጉ። ከዚያ እሱኑ እየገፈተሩ ወሰዱት።

ያ ሽታ በመጣ ቁጥር ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን እናቴ ፍሙ አጠገብ ቆማ ያለችው ነው፦

«አንዲት ዶሮ አንሳቸው ይሆን?»